ውፍረት፣ ሆርሞንና የእህቶቻችን ትዳር

በዚህ ወር ብዙ ጊዜ በሹክሹክታ እንጂ በአደባባይ የማይነሳ ጉዳይ ይዘን ቀርበናል። ይኸውም ከመጠን ያለፈ ውፍረት የሴቶችን የጾታ ሆርሞን እንዴት እንደሚያዛባ፣ ክብደት መቀነስ ደግሞ የተዛባውን እንዴት እንደሚያስተካክል ነው። ነገሩ የቁንጅና ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ገጽ ባልፈጀንበት ነበር። ነገር ግን የጤና፣ የልጅና የትዳር ጉዳይ ሆኖ አግኝተነዋል።

ከአንዲት እህት ልጀምር። ስሟን አልጠራም። ተወልዳ ያደገችው በጌዴኦ ዞን፣ ገደብ ወረዳ፣ ባንኮ ጎቲቲ ነው። ይህ ስም በቡናው ምክንያት በባሕር ማዶ ጭምር የታወቀ ነው። እህታችን በልጅነቷ በቡና ወቅት እሸት ቡና ስትለቅም፣ ውሃና እንጨት ስትሸከም፣ ዳገት ስትወጣ ቁልቁለት ስትወርድ ነው ያደገችው። ካገባች በኋላ ከባለቤቷ ጋር ዲላ ገብተው ሱቅ ከፈቱ። ሥራው ተቀምጦ የሚዋልበት ነው። ውሃው ከቧንቧ፣ መንገዱ በባጃጅ ሆነ። በአምስት ዓመት ውስጥ ክብደቷ ከ58 ኪሎ ተነስቶ 84 ኪሎ ደረሰ። ወደ አገር ቤት ስትሄድ ዘመድ ሁሉ «ማሻ አላህ፣ ተመችቷታል!» እያለ ይቀበላታል። እሷም ደስ ይላታል።

ይሁን እንጂ የወር አበባዋ መዘግየት ጀመረ። አንዳንዴ በሁለት ወር፣ አንዳንዴ በአራት ወር ይመጣል። አገጯ ላይ ፀጉር ወጣ፤ ፊቷ በብጉር ተሞላ። ልጅም አልመጣም። አማቷ «ማህፀኗ ተዘግቷል» አሉ። የባለቤቷ ዘመዶች ስለ ሌላ ሚስት ማውራት ጀመሩ። ወደ አንድ የሕክምና ቦታ ሄዳ የወር አበባ የሚያመጣ ክኒን ተሰጣት፤ ክኒኑ ሲያልቅ የወር አበባውም ቀረ። ሌላ ቦታ ብትሄድም ሌላ ክኒን ተሰጣት። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት «ሚዛን ላይ ውጪ» ያላት ሰው አልነበረም። ባለቤቷንም «አንተስ ተመርምረሃል?» ያለው አልነበረም።

ይህ የአንድ ቤት ታሪክ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልጻፍኩት። ግን በየከተማው እየበዛ ያለ ታሪክ ነው። የእኔም አስተያየት አጭር ነው። ወፍራም የሆነችና የወር አበባዋ የተዛባባት ሴት «መካን» ከመባሏ በፊት ማወቅ ያለባት አንድ እውነት አለ፤ ከክብደቷ ላይ ከመቶ አምስት እስከ አስር እጁን ብቻ ብትቀንስ ሆርሞኗ ሊስተካከል ይችላል። ይህን እውነት መንገር የሐኪም ግዴታ ሲሆን፣ መንገዱን አብሮ መሄድ ደግሞ የቤተሰቡ ሁሉ ግዴታ ነው።

ከረሃብ አገር ወደ ውፍረት አገር?

አንዳንድ አንባቢ «በእኛ አገር ስለ ረሃብ እንጂ ስለ ውፍረት ይወራል እንዴ?» ይል ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ባንኮ ጎቲቲ ራሷ ምስክር ናት። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በጉጂ መካከል በተነሳው ግጭት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሲፈናቀሉ ብዙዎቹ የተጠለሉት በገደብ ወረዳና በጎቲቲ ነበር። በ2011 ዓ.ም. በዚያ የነበሩ ተፈናቃዮች ረሃብ የዜና ርእስ እስከ መሆን ደርሷል። ያን ጊዜ የሚያስታውስ ሰው ውፍረትን እንደ ችግር ለመቁጠር ቢቸገር አይፈረድበትም።

ነገር ግን ሁለቱ ችግሮች ዛሬ ጎን ለጎን ይኖራሉ። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው የኢትዮጵያ የስነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው ሴቶች ከመጠን በላይ ክብደት ያላቸው ከመቶ 3 ያህሉ ብቻ ነበሩ። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው ዳሰሳ ቁጥሩ ወደ 8 ከፍ ብሏል። በከተማ ደግሞ ከመቶ 21 ሲደርስ በገጠር 4 ነበር። በዚያው በ2008ቱ ዳሰሳ ከመቶ 22 የሚሆኑት ሴቶች ከመጠን በታች የቀጠኑ መሆናቸው ተመዝግቧል። እንግዲህ በአንድ አገር፣ አንዳንዴም በአንድ ቤተሰብ ውስጥ፣ አንዷ ከማጣት ሌላዋ ከመትረፍ ይታመማሉ ማለት ነው። ሁለቱም ሕመሞች በመጨረሻ የሚያንኳኩት አንድ በር ነው፤ እሱም የሆርሞን በር ነው።

ስብ ሥራ ፈት አይደለም

ብዙዎቻችን ስብን ተቀምጦ እንደሚበላ እንግዳ እናየዋለን። እውነታው ግን ሌላ ነው። የሰውነት ስብ ራሱን የቻለ የሆርሞን ፋብሪካ ነው። በስብ ሕዋሳት ውስጥ «አሮማቴዝ» የሚባል ኢንዛይም አለ። ይህ ኢንዛይም የወንድ ሆርሞን የሚባሉትን (በሴትም ሰውነት ውስጥ በጥቂቱ የሚገኙትን) ወደ ኢስትሮጅን፣ ማለትም ወደ ሴት ሆርሞን ይቀይራል። ስቡ በበዛ ቁጥር ፋብሪካው ይሰፋል። በተለይ ሴት ልጅ ካረጠች በኋላ ኦቫሪዎቿ ሥራቸውን ስለሚያቆሙ ዋናው የኢስትሮጅን ምንጭ ይኸው ስብ ይሆናል።

ሁለተኛው መንገድ በኢንሱሊን በኩል ነው። ውፍረት፣ በተለይ የሆድ ውፍረት፣ ሰውነት ለኢንሱሊን ያለውን ታዛዥነት ይቀንሳል። ቆሽት ይህን ለማካካስ ብዙ ኢንሱሊን ያመነጫል። በደም ውስጥ የበዛው ኢንሱሊን ሁለት ጥፋት ይሠራል። አንደኛ፣ ኦቫሪን እየነካካ ከሚገባው በላይ የወንድ ሆርሞን (ቴስቶስትሮን) እንዲያመነጭ ያደርገዋል። ሁለተኛ፣ ጉበት የጾታ ሆርሞንን ይዞ የሚጓዝ ፕሮቲን እንዳያመርት ያዳክመዋል። ይህን ፕሮቲን እንደ ልጓም እንቁጠረው። ልጓሙ ሲያንስ ያልታሰረው ቴስቶስትሮን በደም ውስጥ እንደ ልቡ ይዘዋወራል። ፀጉር በአገጭ፣ ብጉር በፊት የሚመጣው ከዚህ ነው።

ሆርሞኑ እንዲህ ሲዛባ አንጎል ለኦቫሪ የሚልከው የየወሩ ትእዛዝም ይደበላለቃል። እንቁላሉ በጊዜው ሳይበስልና ሳይለቀቅ ይቀራል። እንቁላል ካልተለቀቀ ፕሮጄስትሮን የሚባለው ሆርሞን አይመረትም። ፕሮጄስትሮን ደግሞ የማህፀንን ግድግዳ ከኢስትሮጅን ግፊት የሚያሳርፈው ነው። እሱ ሲጠፋ ግድግዳው በኢስትሮጅን ብቻ እየተገፋ ይወፍራል። የወር አበባ ለወራት ይጠፋና ሲመጣ ደግሞ እንደ ጎርፍ ይሆናል። ይህ ለዓመታት ከቀጠለ ለማህፀን ግድግዳ ካንሰር በር ይከፍታል። ካረጡ በኋላም ከስብ የሚመነጨው ትርፍ ኢስትሮጅን የጡት ካንሰርን ስጋት ይጨምራል። በአገራችን ሴቶች ላይ ከሁሉ በላይ የሚታየው ካንሰር የጡት ካንሰር መሆኑን ስናስታውስ ጉዳዩ ከልጅ መውለድም ያለፈ መሆኑን እንረዳለን።

እዚህ ላይ «ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ሲንድሮም» የሚባለውን ሕመም ማንሳት ግድ ይላል። በዓለም ዙሪያ በመውለድ ዕድሜ ካሉ አስር ሴቶች አንዷን ያህል የሚያጠቃ ሲሆን፣ አብዛኞቹ እንዳለባቸው እንኳ ሳያውቁ ይኖራሉ። ምልክቶቹ ከላይ በእህታችን ላይ ያየናቸው ናቸው። ሕመሙን ውፍረት ብቻውን አይፈጥረውም፤ ቀጭን ሴቶችም ይይዛቸዋል። ውፍረት ግን ያባብሰዋል።

ጥቂት ኪሎ ምን ይለውጣል?

እስካሁን ያየነው መጥፎውን ዜና ነው። ደጉ ዜና ይህ ሁሉ መንገድ ወደ ኋላም የሚኬድበት መሆኑ ነው።

በአሜሪካ ሲያትል ከተማ በሚገኘው የፍሬድ ሃቺንሰን የካንሰር ምርምር ማዕከል የተደረገ አንድ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2012 ውጤቱ ታትሟል። በጥናቱ የተሳተፉት ከ50 እስከ 75 ዓመት ዕድሜ ያላቸው፣ ያረጡና ከመጠን በላይ ክብደት የነበራቸው 439 ሴቶች ናቸው። በአራት ቡድን ተከፍለው ለአንድ ዓመት ተከታተሏቸው። አንዱ ቡድን አመጋገቡን ብቻ አስተካከለ፤ ሁለተኛው የሰውነት እንቅስቃሴ ብቻ አደረገ፤ ሦስተኛው ሁለቱንም አጣመረ፤ አራተኛው እንደነበረ ቀጠለ። ሁለቱንም ያጣመሩት ከክብደታቸው ከመቶ 11 ያህል ቀነሱ። በደማቸው ውስጥ ኢስትራዲዮል የተባለው ዋናው ኢስትሮጅን ከመቶ 20፣ ያልታሰረው ቴስቶስትሮን ደግሞ ከመቶ 16 ያህል ወረደ። ልጓም ያልነው ፕሮቲን ከመቶ 26 ያህል ከፍ አለ። አመጋገብ ብቻ ያስተካከሉት ሴቶች ኢስትራዲዮላቸው ከመቶ 16 ሲቀንስ፣ እንቅስቃሴ ብቻ ያደረጉት ከመቶ 5 ያህል ነበር። ከዚህ የምንማረው ማዕዱ ዋናው መሆኑን፣ እንቅስቃሴ ሲታከልበት ደግሞ ውጤቱ የተሻለ እንደሚሆን ነው።

ላላረጡት፣ በተለይ ልጅ ለሚፈልጉት፣ ከዚህ በላይ የሚያጽናናው ከአውስትራሊያ አደላይድ ከተማ የተገኘው ተሞክሮ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 በታተመው ጥናት እንቁላላቸው የማይለቀቅ፣ መውለድ ያልቻሉና ወፍራም የሆኑ ሴቶች ለስድስት ወር በየሳምንቱ እየተሰበሰቡ ስለ አመጋገብ ተማሩ፤ አብረው እንቅስቃሴ ሠሩ፤ ችግራቸውንም ተወያዩ። እስከ መጨረሻው የዘለቁት 67 ሴቶች በአማካይ 10 ኪሎ ያህል ቀነሱ። ከእነዚህ ውስጥ 60ዎቹ እንቁላላቸው በራሱ ጊዜ መለቀቅ ጀመረ። 52ቱ አረገዙ፤ ከመካከላቸው 18ቱ ያለ አንዳች ተጨማሪ ሕክምና ነበር። 45ቱም ሕያው ልጅ ታቀፉ። ልብ በሉ፤ እነዚህ ሴቶች ወደ ቅጥነት አልመጡም። አብዛኞቹ ከፕሮግራሙ በኋላም ወፍራም ነበሩ። ሰውነት የጠየቃቸው ጥቂት ብቻ ነበር።

ይህን ወደ እህታችን እንመልሰው። 84 ኪሎ የምትመዝን ሴት ከመቶ አምስት ማለት ለእሷ 4 ኪሎ ገደማ ነው። ከመቶ አስር ደግሞ 8 ኪሎ ተኩል አይሞላም። ወደ 58 ኪሎ ተመለሺ ብንላት ተስፋ ትቆርጣለች። 4 ኪሎ ስንላት ግን ትጀምራለች።

ሐቁን ሁሉ እንናገር

አንድን ነገር ለሁሉ መድኃኒት አድርጎ ማቅረብ ከጤና ጸሐፊ አይጠበቅም። እ.ኤ.አ. በ2016 ከኔዘርላንድስ የወጣ ትልቅ ጥናት 577 መውለድ ያልቻሉ ወፍራም ሴቶችን ተከታትሎ ነበር። ግማሾቹ መጀመሪያ ለስድስት ወር ክብደት እንዲቀንሱ ተደረገ፤ ሌሎቹ በቀጥታ ወደ መካንነት ሕክምና ገቡ። በሁለት ዓመት ውስጥ በጊዜው የተወለደ ጤናማ ልጅ በተፈጥሮ መንገድ በመገላገል ክብደት የቀነሱት አልበለጡም። ነገር ግን ያለ ሕክምና በራሳቸው ያረገዙት ቀድመው ክብደት በመቀነስ ከጀመሩት ከመቶ 26 ሲሆኑ ከሌሎቹ 16 ነበሩ። ስለዚህ ክብደት መቀነስ ሕክምናን የሚያስቀር አይደለም። ዕድሜዋ ከ35 ያለፈ ሴት «መጀመሪያ ክሺ፣ ከዚያ ነይ» እየተባለች ውድ ዓመታቷን ማባከን የለባትም። ሁለቱን ጎን ለጎን ማስኬድ ይሻላል።

የውጭ ጥናት እያነሳሁ «ለባለጸጋ አገር የሚሆን ምክር ነው» የሚል ቢኖር ግን አልስማማም። የመካንነት ሕክምና ውድና ሩቅ በሆነበት አገር፣ ያለ ውድ መሣሪያ በቤት ውስጥ ሊሞከር የሚችለው ነገር ከማንም ይልቅ የሚያስፈልገው ለእኛ ነው። ከባንኮ ጎቲቲም ሆነ ከዲላ ተነስቶ ልዩ ሐኪም ፍለጋ አዲስ አበባ ለመሄድ ትራንስፖርቱን፣ ማረፊያውንና የተዘጋውን ሱቅ ቆጥሩት። ሚዛን ግን በየጤና ጣቢያው አለ።

ረሃብ መድኃኒት አይደለም

ይህን ጽሑፍ አንብባ ከነገ ጀምሮ ምግብ የምታቆም እህት እንዳትኖር እሰጋለሁ። ስለዚህ ይህን ክፍል በጥሞና አንብቡልኝ።

አንጎላችን ሰውነት ውስጥ ስንት ስንቅ እንዳለ ይጠብቃል። ስንቁን ከሚነግሩት መልእክተኞች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1994 የተገኘው «ሌፕቲን» የተባለ ከስብ የሚመነጭ ሆርሞን ነው። ምግብ በድንገት ሲጠፋ ሌፕቲን ይወርዳል። አንጎልም «ይህ ልጅ የሚወለድበት ጊዜ አይደለም» ያለ ያህል ለኦቫሪ የሚልከውን ትእዛዝ ያቆማል። ኢስትሮጅን ይወርዳል፤ የወር አበባ ይጠፋል፤ ውሎ ሲያድርም አጥንት ይሳሳል። እ.ኤ.አ. በ1944 እና 1945 በኔዘርላንድስ በጦርነቱ የረሃብ ክረምት የብዙ ሴቶች የወር አበባ ተቋርጦ ነበር፤ ከዘጠኝ ወር በኋላም የወሊድ ቁጥር በእጅጉ አሽቆልቁሏል።

እንግዲህ ሁለት ዓይነት ክብደት መቀነስ አለ። ትርፉን ቀስ አድርጎ የሚያወርድ ሆርሞንን ይፈውሳል። አስፈላጊውን ነጥቆ የሚወስድ ሆርሞንን ይገድላል። በሚዛን ላይ ሁለቱም «ቀንሳለች» ይባላሉ። ለኦቫሪ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይለያያሉ። በጎቲቲ መጠለያ ምግብ አጥታ የከሳች ሴትና በዲላ ስኳር ትታ የከሳች ሴት አንድ አይደሉም። በዘመናችን በከተማ ልጃገረዶች ዘንድ በቀን አንዴ እየበሉ፣ የሚያስቀምጥ መድኃኒት እየወሰዱ መክሳት እንደ ስልጣኔ ሲቆጠር ስናይ፣ ትናንት ወገኖቻችን በግድ የገቡበትን እሳት በፈቃድ የመግባት ያህል ነው።

ውጭ አገር ካለ ዘመድ የሚላኩ የማክሻ መርፌዎችም አሉ። ከእነዚህ መካከል ሴማግሉታይድ የተባለው በሐኪም ክትትል ለሚገባው ሰው ጠቃሚ ነው። ነገር ግን በእርግዝና ጊዜ አይወሰድም፤ ለማርገዝ ያሰበች ሴትም ቢያንስ ከሁለት ወር በፊት ማቆም አለባት። ያለ ሐኪም መውጋት ፈጽሞ አይገባም። ነፍሰ ጡር የሆነችም ክብደት ለመቀነስ መነሳት የለባትም፤ የምታጠባም ሐኪሟን ሳታማክር ባትጀምር ይሻላል። ሌላም ማስታወሻ አለ። ክብደት የቀነሰች ሴት ሳታስበው ልታረግዝ ትችላለች። «እኔ እንደሆነ አላረግዝም» ብላ የተዘናጋች፣ ልጅም ለጊዜው የማትፈልግ እህት ይህን ትወቅ።

ማዕዱን ማን ያቀርበዋል?

አሁን ወደ ቤታችን እንግባ። ብዙ ጊዜ ወፍራም ሴት «ሆዳም» ትባላለች፤ ካልወለደች ደግሞ «መካን»። ግን ማን አወፈራት? አራስ ቤት ሳለች በየቀኑ የቡላ ገንፎ በቅቤ ያጎረስናት እኛ ነን። ገንፎው ለአራስ ጉልበት ነውና አልቃወምም። ግን አርባ ቀን ካለፈም በኋላ «ብዪ እንጂ፣ ከሳሽ!» የምንል እኛ ነን። ሙሽራ ስትወፍር የባሏ ደግነት ማስረጃ አድርገን የምንቆጥር እኛው ነን። ከዚያም ያው ውፍረት ሆርሞኗን ሲያዛባው ብቻዋን እንድትከስ፣ ብቻዋን እንድታፍር እንተዋታለን።

ከሁሉ የሚከፋው ልጅ ሲጠፋ ጣት ወደ ሴቷ ብቻ መቀሰሩ ነው። በዓለም ላይ ልጅ ካጡ ጥንዶች በግማሽ ያህሉ ወንዱ ብቻውን ወይም ከሴቷ ጋር የችግሩ ምክንያት ነው። የወንድ ውፍረትም ቴስቶስትሮኑን ይቀንሳል፤ የዘር ፍሬውንም ይጎዳል። ስለዚህ ሌላ ሚስት ለማግባት ከመነሳት በፊት አንድ የዘር ፍሬ ምርመራ ማድረግ ከፍትሕም ከብልህነትም ነው። ምርመራው ቀላል ነው፤ ከባዱ ኩራቱ ነው።

ወንድሞቼ ሆይ! ባለቤታችሁ ክብደት እንድትቀንስ ከፈለጋችሁ ለእሷ ጎመን ለእናንተ ቅቤ አይሁን። ማዕዱ አንድ ይሁን። ዝርዝሩን ባጭሩ ላስቀምጥ፤

አንደኛ፣ ስኳር። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ያህል ነው። በቀን አምስት ስኒ ሻይና ቡና እየጠጣን በእያንዳንዱ ሦስት ማንኪያ ብንጨምር 60 ግራም ስኳር ወሰድን ማለት ነው። የዓለም የጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው ከ50 ግራም እንዳያልፍ፣ ቢቻል ወደ 25 ግራም እንዲወርድ ይመክራል። ለስላሳ መጠጥ ሲጨመርበት ደግሞ ቁጥሩ ይከፋል። የጌዴኦ ቡና ያለ ስኳርም ይጠጣል፤ ጣዕሙን የሚያውቁትም እንዲያ ነው የሚጠጡት።

ሁለተኛ፣ ዘይትና ቅቤ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ አለው። ወጡን ለመሥራት ከጣሳው በቀጥታ ከማንቆርቆር በማንኪያ መለካት ብቻውን ብዙ ይቀንሳል።

ሦስተኛ፣ ቆጮና ቡላ። ጠላቶቻችን አይደሉም። የእንሰት እርሻ የጌዴኦን ሕዝብ ለዘመናት ያኖረ፣ ከቡናውና ከዛፉ ጋር ተስማምቶ የኖረ ሀብት ነው። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድርም በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ እንሰት የዚያ አካል ነው። ይሁን እንጂ ቆጮ በአብዛኛው ስታርች ነው፤ ፕሮቲኑ ጥቂት ነው። ዳገት ለሚወጣ ገበሬ የሚበቃው መጠን ሱቅ ተቀምጦ ለሚውል ይበዛል። መጠኑን ቀንሶ ጎመንና ቦሎቄውን ማብዛት ሆድንም ይሞላል፣ ኢንሱሊንንም ያረጋጋል።

አራተኛ፣ እግር። በሳምንት 150 ደቂቃ፣ ማለትም በቀን 30 ደቂቃ አምስት ቀን ፈጠን ብሎ መራመድ ይመከራል። ብቻዋን መውጣት ለከበዳት እህት ባለቤቷ ከሱብሂ ሶላት በኋላ አብሯት ቢራመድ ለሁለቱም ጤና ነው። ጎረቤታሞች ተሰባስበው ቢሄዱም ይቻላል። የአደላይድ ሴቶች ምስጢር አብሮ መሆን ነበር።

አምስተኛ፣ ረመዳን። ቀኑን ጾመን በኢፍጣር በሳምቡሳ፣ በጣፋጭና በጁስ የምንካካስ ከሆነ ወሩ ሲወጣ ሚዛኑ ጨምሮ እናገኘዋለን። በቴምርና በውሃ፣ በሾርባ ጀምሮ፣ ሳምቡሳውን አንድ አድርጎ፣ ለተራዊህ ቀለል ብሎ መነሳት ለሆርሞናችንም ይበጃል።

መቼ ወደ ሐኪም?

ሳታረግዝ የወር አበባዋ ሦስት ወር የጠፋባት፣ ከመጠን በላይ የሚፈሳት፣ ካረጠች በኋላ ደም ያየች፣ ወይም አንድ ዓመት ሞክራ (ከ35 ዓመት በላይ ከሆነች ስድስት ወር) ያላረገዘች ሴት መመርመር አለባት። የወገብ ዙሪያዋ ከ88 ሴንቲ ሜትር ያለፈም ስኳሯንና ደም ግፊቷን ብትታይ መልካም ነው። የወር አበባ መዛባት ከእንቅርት ዕጢ ወይም ከሌላ ሆርሞን ሊመጣ ስለሚችል ሁሉንም በውፍረት ማሳበብም ስሕተት ነው። ለጤና ባለሙያ ወንድምና እህቶቻችን ያለኝ መልእክት ደግሞ ይህ ነው፤ ክኒን ከመጻፋችሁ በፊት መዝኑ፣ ቁመት ለኩ፤ ከዚያም ሳታሳፍሩ ንገሩ። «ወፍረሻል» ማለትና «አራት ኪሎ ብትቀንሺ የወር አበባሽ ሊመለስ ይችላል» ማለት አንድ አይደለም። የመጀመሪያው ስድብ ነው፤ ሁለተኛው ሕክምና ነው።

ወደ እህታችን ልመለስ። በመጨረሻ አንዲት አዋላጅ ነርስ መዘነቻት፤ ሁለቱንም አስቀምጣም አነጋገረቻቸው። በስምንት ወር ውስጥ 75 ኪሎ ደረሰች። የወር አበባዋ ከአምስተኛው ወር ጀምሮ በየወሩ መምጣት ጀመረ፤ ብጉሩም ጠፋ። ባለቤቷም ተመረመረ፤ የዘር ፍሬው ቁጥር ያነሰ ሆኖ ተገኘና ሕክምና ላይ ነው። ልጅ ገና አልመጣም፤ አላህ ያውቃል። ነገር ግን «ማህፀኗ ተዘግቷል» የሚለው ወሬ ከዚያ ቤት ወጥቷል። አማቷም ዛሬ ለልጃቸው ሻይ ሲቀዱ «ስኳሩ ይብቃህ» ይላሉ አሉ።

ለእኔ ይህ ራሱ ትልቅ ፈውስ ነው። ለከርሞ ያድርሰን፤ ቸር ይግጠመን!